መብራቱ አረንጓዴ ነበር

ባለፈው ዓመት አንድ ፋብሪካ ስላስገባው አዲስ የማሽን መቆጣጠሪያ ዘገባ ሠርቼ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን አሳዩኝ፤ የሁሉም ማሽኖች መብራት አረንጓዴ ነው። "ከእንግዲህ ማሽን ሳናስበው አይቆምብንም" አሉኝ። ያሉኝን ጻፍኩ። ማሽኖቹ ያሉበት ክፍል ግን አልገባሁም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ደወሉልኝ። የትልቁ ቬንቲላተር ኩሽኔታ ተሰብሮ ሥራ ቆሟል፤ ተረኛው እሳቸው ስለነበሩ የደመወዝ ቅጣት ተወስኖባቸዋል። "መቆጣጠሪያው ችግር ካላሳየ ጥፋቱ የአያያዝ ነው ተባልኩ። ያንተም ጽሑፍ ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል" አሉኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ጋሼ ቀጥታ ወስደው ሴንሰሩን አሳዩኝ። አውራ ጣት የምታህል ብረት ናት። የተቀመጠችው ግን ኩሽኔታውን በያዘው ወፍራም ብረት ላይ አይደለም። ከላይ በተከደነው የላሜራ ሽፋን ላይ፣ ያውም ከነቀለሙ፣ በማግኔት ተለጥፋለች። "ልጄ፣ ሐኪም በካፖርት ላይ ልብ ያዳምጣል?" አሉኝ። እሳቸው ከመሰበሩ ሳምንት በፊት የካቻቪቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ድምፁን ሰምተው ነበር። ተናግረውም ነበር። "ስክሪኑ ደህና ነው" ተባሉ።

ከዚያ ወዲህ አንብቤም ባለሙያ ጠይቄም ነገሩን ተረዳሁት። መበላሸት የጀመረ ኩሽኔታ ቀድሞ የሚያሰማው በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ቀጭን ንዝረት ነው። እሱን ለመያዝ ሴንሰሩ ከማሽኑ ጋር አንድ አካል መሆን አለበት። ብረቱ ተስተካክሎና ተበስቶ ሴንሰሩ በቡሎን ሲታሰር በሰከንድ እስከ 10 ሺህ ገደማ የሚደርስ ንዝረት ያነባል። በማግኔት ሲለጠፍ ከ2 ሺህ አካባቢ በላይ ያለውን ማመን ያስቸግራል፤ በእጅ ተይዞ ሲነካማ ከዚያም ያንሳል። ልኩ እንደ ሴንሰሩ ይለያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ቀለምና ስስ ላሜራ መሐል ሲገባ ቀጭኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ላሜራውም የራሱን መንቀጥቀጥ ይጨምርበታል።

ኬብሉም የራሱ ጣጣ አለው። በብዙዎቹ ሴንሰሮች ኃይል የሚሄደውም ምልክት የሚመለሰውም በዚያው ሁለት ሽቦ ነው። በ24 ቮልት የሚሠራ መስመር ጤነኛ ሲሆን በሽቦዎቹ መካከል 12 ቮልት አካባቢ ይለካል። 24 ካሳየ የሆነ ቦታ ተበጥሷል፤ ዜሮ ካሳየ ሾርት አድርጓል። ይህን የማይፈትሽ መቆጣጠሪያ የተበጠሰውን መስመር "ንዝረት የለም" ብሎ ያነበዋል። መብራቱም አረንጓዴ ይሆናል።

ይህ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሩሲያ ውስጥ በሳያኖ ሹሼንስካያ የውኃ ኃይል ማመንጫ ነሐሴ 11 ቀን 2001 ዓ.ም 2 ቁጥር ተርባይን ከቦታው ተነቅሎ 75 ሰዎች ሞቱ። የመንግሥት መርማሪዎች ሪፖርት፣ ከአደጋው በፊት አንድ ሴንሰር 840 ማይክሮን ንዝረት እንዳሳየ ይናገራል፤ የሚፈቀደው 160 ነበር። በኋላ ሌሎች ባለሙያዎች ያ ሴንሰር ራሱ ብልሽት ነበረበት ብለው ተከራከሩ። ሴንሰሩ ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለው ክርክር ግን ሰው ከማለቁ በፊት መቋጨት የነበረበት ነው።

እኛ ዘንድ ዕቃው ሲገዛ ይመረቃል፣ ጋዜጠኛም ይጠራል። የት ተገጠመ? ማን አሰረው? ኬብሉን መጨረሻ የፈተሸው ማን ነው? ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ዘገባውን ላወጣው ድረ ገጽ ማስተካከያ ልኬ እስካሁን መልስ የለም። የጋሼ አቤቱታም ገና አልታየም። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው፦ ያኔ ያየሁት ስክሪኑን እንጂ ማሽኑን አልነበረም። ያንን ዘገባ ከቅጣት ደብዳቤ ጋር ያያያዘ ሰው ይህንንም ያያይዝልኝ።