ቱቦው ውስጥ ያለችው ትንሽ ኳስ

ከሽቱትጋርት ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዱ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቬቢሸ አልብ ወደሚባለው ደጋ ይወጣል። ከታች የፖም ዛፎች አሉ። ከላይ ደግሞ ነጭ የኖራ ድንጋይ፣ የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ እንዲሁም የኛ ጥድ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ይታያል። ነፋሱ በግንቦትም ቢሆን ጃኬት ያስለብሳል። እዚያ፣ ከአንድ ትንሽ መንደር ጀርባ፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የታጨደ ሜዳ አለ። የሞዴል አውሮፕላን ክበብ ማብረሪያ ነው።

ባለፈው ዓመት ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር ወደዚያ ሄድን። በምድር ቤታችን ሁለት የጀርመን ክረምት ሙሉ የሠራሁትን ጄት ለመጀመሪያ ጊዜ ላበር ነበር።

ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። የአየር ኃይሉ ጣቢያ እዚያው ስለሆነ፣ ኤል-39 የሚባለው የማሠልጠኛ ጄት ሲያልፍ ጨዋታችንን አቁመን ወደ ሰማይ እናንጋጥጥ ነበር። እውነተኛው ጄት 12 ሜትር ያህል ይረዝማል። የኔው ከሁለት ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ነዳጅ ሲሞላ 13 ኪሎ ይመዝናል።

ትንሽ ቢሆንም ሞተሩ እውነተኛ ተርባይን ነው። መጠኑ የሻይ ፔርሙዝ ያህላል። የፊተኛው መዘውር አየር ስቦ ይጨምቃል። የተጨመቀው አየር መሐል ላይ ከነዳጅ ጋር ይቃጠላል። ትኩሱ ጋዝ ወደ ኋላ ሲወጣ የኋለኛውን መዘውር ያሽከረክራል። ሁለቱ መዘውሮች በአንድ ዘንግ ስለተያያዙ፣ የኋለኛው ሲዞር የፊተኛውም ይዞራል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር ያልፋል፤ የሚወጣው ጋዝም ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኩርት ሽሬክሊንግ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ የፊተኛውን መዘውር ከተደራረበ ስስ እንጨት ሠርቶ፣ በካርቦን ክር አጠናክሮ፣ እንዲህ ያለ ሞተር በቤት ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። አሠራሩንም በመጽሐፍ ለሌሎች አስተማረ።

ነዳጁ ጥቂት የተርባይን ዘይት የተቀላቀለበት ኬሮሲን ነው። አያቴ ኩራዝ ውስጥ የምትጨምረው ላምባ ማለት ነው። ጣሳውን ስከፍት ሽታው የአያቴን ቤት ያስታውሰኛል።

ከማብረር በፊት የሚነበብ የፍተሻ ዝርዝር አለን። የጻፍኩት በአማርኛ ነው። ለልጄ የነገርኳት ምክንያት «ደኅንነት» የሚል ነበር። እውነቱ ግን፣ በአማርኛ ስጠይቃት ሁልጊዜ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። ዝርዝሩን ግን በጀርመንኛ መመለስ አይቻልም።

የሜዳው ደንብ ጥብቅ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መንደሩ ያርፋል፤ ተርባይን ማስነሳት ክልክል ነው። እኛ ደግሞ ክንፉን አስረን ስንጨርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቸኮልኩ።

«ክንፍ?»

«ታስሯል።»

«ባትሪ?»

«ሞልቷል።»

«እሳት ማጥፊያ?»

«እዚህ አለ።»

«የነዳጅ ቱቦ?»

ዝም አለች። ጎንበስ ብላ አየች።

«አባዬ፣ ቱቦው ውስጥ ትንሽ ኳስ አለች።»

«የምን ኳስ? ቶሎ በይ እንጂ!»

«ኳስ! ትሄዳለች! ይኸው ሌላ መጣች!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የአየር አረፋ ነበር። «አረፋ» የሚለውን ቃል አታውቀውም፤ ስለዚህ ባላት ቃል ተናገረች። ዝም ብትል ኖሮ አረፋው ከነዳጁ ጋር ተርባይኑ ውስጥ ይገባ ነበር። ነዳጅ ለአፍታ ሲቋረጥ እሳቱ ይጠፋል። 13 ኪሎ ጄት ሰማይ ላይ ያለ ሞተር ይቀራል ማለት ነው።

ከፓምፑ በፊት ያለው መጋጠሚያ ላልቶ አየር ይስብ ነበር። የቱቦውን ጫፍ ቆርጬ እንደገና አጥብቄ አሰርኩት። ፓምፑን ሞከርን፤ ቱቦው ጠራ። ሰዓቱ ግን ስድስትን አልፎ ነበር። የበረራው ኃላፊ፣ ነጭ ፂም ያላቸው አዛውንት፣ ሳቅ ብለው «ሜዳው የትም አይሄድም» አሉኝ። ሣሩ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በእንቁላል በላን፤ በጎቹንም ቆጠርን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተርባይኑ በቀጭኑ አፏጨ፤ ከዚያ ድምፁ ወፍሮ ሜዳውን ሞላው። ጄቱ ተንደርድሮ ተነሳ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተርባይን ኃይል ሲጠይቁት ወዲያው አይመልስም፤ ጥቂት ሰከንዶች ይፈጃል። ስለዚህ አብራሪው ቀድሞ ማሰብ አለበት። በመጀመሪያው ሙከራ ከፍ ብዬ ስለመጣሁ ሳላሳርፈው ዞርኩ። በሁለተኛው አንዴ ነጠር ብሎ አረፈ። በረራው በጠቅላላ ስድስት ደቂቃ ነበር።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ሥራ አለ። ትንሿ ማስነሻ ሞተር ተርባይኑን እያዞረች ታቀዘቅዘዋለች። ልጄ ሙቀቱን ከመቆጣጠሪያው ላይ በአማርኛ አነበበች፦ «ሁለት መቶ... መቶ ሃምሳ... መቶ ሃያ... ዘጠና!»

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «አረፋ» የሚለውን ቃል ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ደገመችው። በማግሥቱ ግን ዝርዝሩን ስከፍት፣ በእርሳስ አንድ መስመር ተጨምሮበት አገኘሁ፦ «የነዳጅ ቱቦ፦ ኳስ የለም።»

አላረምኩትም። እስከ ዛሬ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት እንደዚያው እናነበዋለን።