ከፍርድ ቤት በፊት ያለው ችሎት

ሄርማታ ውስጥ ዜና የሚተነተነው ቡና ላይ ነው። ስለ አንዲት ልጅ መደፈር ሲወራ፣ አቦሉ ሳይቀዳ “ምን ለብሳ ነበር? በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራለች?” ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። ስለ ሰውዬው የሚጠይቅ ብዙም የለም። እናንተም ይህን ሳትሰሙ አትቀሩም።

እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ስለ ጉዳዩ በዜና የሰሙት ነገር ፍርዳቸውን እንዳያዛባው አስቀድመው ይጠየቃሉ። በእኛ አገር ውሳኔው የዳኞች ነው። ይሁን እንጂ ከሳሿም፣ ምስክሩም፣ ቃል የሚቀበለው ፖሊስም ያንኑ ዜናና ያንኑ ወሬ ሰምተው ነው የሚመጡት። ልጅቷ ሐሜቱን ፈርታ ዝም ካለች ጉዳዩ ዳኛ ፊት አይደርስም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 ግን የሚጠይቀው ስለ ኃይልና ስለ ዛቻ ነው፤ ስለ ልብስ አንዲት ቃል የለበትም።

ሐና ላላንጎን አስታውሱ። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የተሳፈረች የ16 ዓመት ተማሪ ነበረች። ታግታ፣ በቡድን ተደፍራ ሕይወቷ አለፈ። “ፍትሕ ለሐና” የሚለው ጥሪ በፌስቡክ ተዳረሰ፤ በኋላም ፍርድ ቤት አምስት ሰዎችን ጥፋተኛ አለ። ያ ጥሪ ዝምታውን ሰብሯል። ነገር ግን ጩኸት ማስረጃ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዝዛል።

መጽሐፍ ቅዱስ የትዕማርንም የዮሴፍንም ታሪክ ይዟል። እርሷ ተደፍራ ዝም እንድትል ተነገራት፤ እርሱ በሐሰት ተከስሶ ወኅኒ ወረደ። ሁለቱም የሚሰማቸው አጥተው ነበር።

እንግዲህ የተጎጂዋን ስምና ፎቶ አትለጥፉ፤ የተጠርጣሪውንም ፍርድ በስልካችሁ አትስጡ። ሰው ስለ ልብሷ ሲያወራ “እሱስ ምን አደረገ?” በሉ። አንዲት እህት ደርሶባት ከነገረቻችሁ ሳታቋርጡ ስሟት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ ልብሷን ሳታጥብ በዚያው ቀን አብራችኋት ሆስፒታል ሂዱ።