መንገድ ጠፍቶብኛል

ሰማይ ጐዳና የለውም፤ የኪሎ ሜትር ድንጋይ አልተተከለበትም፤ መንገደኛን አቁሞ የሚጠይቁበት መስቀለኛም የለው። እግረኛ መንገድ ሲጠፋው ይቆማል። አብራሪ ግን መቆም አይቻለውም፤ እያሰበም፣ እየተጨነቀም ወደፊት ይበርራል፤ ነዳጁም ይጐድላል። ስለዚህ ለጀማሪ አብራሪ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ከማብረር ጥበብ ይልቅ ከሰው ጠባይ ጋር የሚታገል ነው።

ትምህርቱ በአምስት ቃላት ይጠቃለላል፤ ከፍ በል፣ ተናገር፣ እመን፣ ታዘዝ፣ ቆጥብ። ከፍ ያለ አውሮፕላን አሻግሮ ያያል፤ የራዲዮው ድምፅም ጋራ ሳያግደው ሩቅ ይደርሳል። መናገር ከመሬት ጣቢያ ጋር መገናኘት ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ ቢዘጋ 121.5 ሜጋ ኸርዝ የተባለው የአደጋ ጊዜ ሞገድ አለ። መታዘዝ የተሰጠውን አቅጣጫ መከተል፣ መቆጠብም የሞተሩን ኃይል ቀንሶ ነዳጅን ማቆየት ነው። እነዚህን አራቱን ተማሪው ፈጥኖ ይይዛቸዋል። የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ ሁሉም በሚሰማው ሞገድ ላይ «መንገድ ጠፍቶብኛል» ብሎ ማመን።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይሁንና የጠፋ ሰው በሽታውን አስቀድሞ የሚሸሽገው ከራሱ ነው። ከታች ወንዝ ሲያይ፣ በካርታው ላይ ይገኛል ብሎ የተመኘው ወንዝ ያ ይመስለዋል፤ ድልድዩ ሲጐድል፣ ካርታው አርጅቷል ይላል። ስለዚህም ብርቱ ሕግ አለ፤ መንገዱን የሚያውቅ ከካርታው ተነሥቶ መሬቱን ይመለከታል፤ የጠፋበት ግን አስቀድሞ መሬቱን አይቶ ከዚያ በኋላ በካርታው ላይ ይፈልግ።

ይህ ሕግ ሲጣስ የሚከፈለው ዋጋ በኅዳር 26 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1945) ታይቷል። አምስት «አቬንጀር» የተባሉ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች 14 ሰዎችን ይዘው ከፍሎሪዳ፣ ከፎርት ሎደርዴል ለልምምድ ተነሡ። መሪያቸው ሌፍተናንት ቻርልስ ቴይለር በጦርነት የተፈተነ አስተማሪ ነበር። ኮምፓሶቹ እንደተበላሹበት በራዲዮ አስታወቀ፤ ከበታቹ ያያቸውን ደሴቶችም ቀድሞ ከሚያውቃቸው፣ ከፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ ከተዘረጉት ደሴቶች ጋር አመሳሰላቸው። ሁኔታው እንደሚያመለክተው ግን በባሃማ ደሴቶች ላይ ነበሩ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ወደ ምዕራብ ቢበርሩ ከቤታቸው እንደሚደርሱ ሲነጋገሩ በራዲዮ ተሰምቷል። ከመሬት ወደ አደጋ ጊዜው ሞገድ እንዲዛወር ሲነገረው፣ ጓደኞቹ እንዳይበተኑበት ሰግቶ አልተዛወረም። መሸ፤ ድምፃቸው ጠፋ። ሊፈልጋቸው የወጣ ሌላ አውሮፕላንም 13 ሰዎችን እንደያዘ አልተመለሰም።

ቴይለር ስንፍና ወይም ክፋት አልነበረበትም። የመራውን ኃላፊነት ነበር፤ አስተማሪም ነበርና ማወቅ የእርሱ ድርሻ መሰለው። ተማሪዎቹም ማዕረጉን አክብረው ተከተሉት። ስሕተቱ የአንድ ሰው፣ ዝምታው ግን የሁሉም ሆነ።

ዛሬ አስተዋይ አስተማሪ ተማሪውን ሆን ብሎ መንገድ ያጠፋዋል። ዓይኑን ከውጭ እንዲመልስ አዝዞ አውሮፕላኑን ወዲያና ወዲህ ካዞረ በኋላ፣ «እንግዲህ የት ነን?» ይለዋል። ተማሪው ካርታውን ያያል፤ ሰዓቱን ያያል፤ ላቡ ይወርዳል። በመጨረሻም «አላውቅም» ይላል። በዚያች ቅጽበት የሚፈተነው አስተማሪው ነው። ቢያፌዝበት፣ ተማሪው ከዚያ ወዲህ ማፈርን ተምሮ፣ አንድ ቀን ብቻውን ሲጠፋ አፉን ይይዛል። «ደግ አደረግህ፤ አሁን ከፍ በል» ቢለው ግን፣ ከዓመታት በኋላ በራዲዮ ተሰምቶ ነፍስ የሚያድነውን ቃል ያን ዕለት አስተምሮታል።