የዓሣ ኩሬ መሸፈኛ በደጋ አገር፦ የገረሴ ጉዳይ

ዓሣን በጠባብ ውኃ የሚያረባ ሰው መሸፈኛ ሲመርጥ፣ ዓሣው እንዳይወጣ የሚከለክለው ነገር አየር እንዳይገባም እንዳይከለክል መጠንቀቅ አለበት። በጨው ውኃ ገንዳ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ችግሩን ያውቁታል፤ የመስታወት ክዳን ትነትን ቢቀንስም ሙቀትን ያምቃል፣ የጋዝ ልውውጥንም ያዳክማል። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ቀጭን መረብ ያዘነብላሉ።

ገረሴ ላይ ጥያቄው ይከብዳል። ከተማዋ ያለችው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ በጋሞ ደጋ ነው። ቆሮሶ ደግሞ ሙቅ ውኃ ወዳድ ነው፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ አመጋገቡ ይቀንሳል፣ እድገቱም ይጓተታል። መረብ ዓሣ በል ወፎችን ይከላከላል እንጂ የሌሊቱን ብርድ አይመልስም። ላስቲክ ሙቀት ይይዛል፤ ሆኖም በ2000 ሜትር ከፍታ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሌሊት ደግሞ ዋቅላሚዎች ኦክስጅን መስጠታቸውን ትተው ከውኃው ይወስዳሉ። ዙሪያውን የታሸገ ላስቲክ ነፋስ ውኃውን እንዳያናውጥ ስለሚያግድ፣ ከብርድ ያዳነውን ዓሣ ንጋት ላይ ሊያፍነው ይችላል።

በየጓሮው ያለው የእንሰት ቅጠልስ? ዋጋ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ብርሃን ይጋርዳል፣ ውኃ ውስጥ ሲገባም እየበሰበሰ ኦክስጅን ይጨርሳል። (ለቆጮ መጠቅለያ ቢውል ይሻላል።)

የሚመረጠው ሁለቱን ማፈራረቅ ይመስላል፦ ቀን መረብ፣ ሌሊት በቅስት ላይ ከፍ ብሎ የተወጠረና ሁለት ጫፉ ክፍት የሆነ ላስቲክ። አምባዛ ለሚያረባ ሰው ከውኃው በላይ ያለው ክፍተት ግዴታ ነው፤ አምባዛ ብቅ እያለ አየር ይስባልና። የኩሬው ጠርዝ ካልታጠረም በዝናባማ ሌሊት በየብስ እየተሳበ ይሄዳል።