ከፕላስተሩ ስር ያለው ዓይብ



በገበያችን ላይ ዘወትር የምንሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «አይተህ ነው የገዛኸው» የምትባል። ያገለገለ ስልክ፣ ያገለገለ ፍሪጅ፣ ያገለገለ ባጃጅ በዚህች ቃል ይሸጣል። ገዢው ቤቱ ደርሶ ጉዱን አይቶ ሲመለስም በሩ የሚዘጋበት በዚህችው ቃል ነው። ዛሬ ስለ እርሷ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የልጅ መጫወቻ ነው።

ከዒድ በፊት ለ5 ዓመት ልጄ ያገለገለች ባለ አራት ጎማ ሞተር ገዛሁ። ቤንዚን የላትም። በ12 ቮልት ባትሪ የምትሠራ፣ ፔዳሏን ሲጫኑ የምትሄድ የፕላስቲክ ሞተር ናት። ሻጩ ፊት ለፊቴ ፔዳሏን በእጁ ተጭኖ አሳየኝ፤ ሄደች። «ልጄ ስላደገባት ነው እንጂ ምንም ችግር የለባትም» አለኝ። ቤት ስትደርስ የግቢውን ግማሽ እንኳን ሳታቋርጥ ቆመች።

መስጂዳችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ የአዛኑ ማጉያ በባትሪ ስለሚሠራ የባትሪ ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2 ቮልት ያህል ይሰጣል። ጤነኛ ከሆነ ሞልቶ፣ ጥቂት አርፎ ሲለካ ከ12 ተኩል ቮልት በላይ ያሳያል። ይኼኛው ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ አድሮም ከ10 ተኩል አላለፈም። አንዱ ክፍል ሞቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ቻርጀሩ እንደተነቀለ ለጥቂት ደቂቃ ይጎትታል። ሻጩ ያሳየኝ እነዚያን ጥቂት ደቂቃዎች ነበር።

ባትሪ ያልቃል፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ አዲስ ገዝቼ አስገባሁ። የኋላው ጎማ ሲዞር ግን መንቋቋት ስለሰማሁ ልጁን ወዲያው ማስቀመጥ አልፈለግኩም። ክብደት ይዛ እንዴት እንደምትሄድ ለማየት፣ ባለቤቴ ያስፈጨችውን 15 ኪሎ ሽሮ ከነከረጢቱ መቀመጫው ላይ አስሬ ፔዳሉን ተጫንኩ። ልጄ «ሽሮው ከእኔ ይበልጣል?» እያለ ያለቅሳል።

ሁለት ሜትር ያህል ሄደችና ተንገጫግጫ ቆመች። ጎማው አልዞር አለ። ከመቀመጫው ስር ጭስ ወጣ። የባትሪውን ሽቦ ነቅዬ ሽሮውን እስካነሳ ድረስ የመቀመጫው ፕላስቲክ ቀልጦ የከረጢቱን ታች በልቶታል። ሽሮው ግቢው ላይ ተዘረገፈ፤ የጎረቤት ዶሮዎች ከእኛ ቀድመው ደረሱ። ባለቤቴ ከቤት ወጥታ መጀመሪያ ሽሮውን አየች፣ ቀጥሎ የቀለጠውን መቀመጫ አየች፣ ከዚያ ልጁን አየችና «ለልጄ ፊዳ ይሁን» ብላ አቀፈችው። ከዚያ በኋላ ማናችንም ስለ ሽሮው አላነሳንም።

ሞተሯን ወደ አንድ የባጃጅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወሰድኳት። በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለውን የፊውዝ መያዣ ፈታው። ውስጡ ፊውዝ የለም። በቦታው የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ማርሹን ሲከፍት ደግሞ አንዱ ጥርስ ተሰንጥቆ አገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርሱ ሲነክስ ጎማው አልዞር ይላል፤ ሞተሩም ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል። ያን ጊዜ ፊውዙ ራሱ ተቃጥሎ መስመሩን ይቆርጣል፤ የተሠራው ለዚህ ነው። ደጋግሞ ሲቃጠል «ጥርሱን እዩልኝ» ማለቱ ነበር። ከእኔ በፊት የነካካት ሰው ግን ጥርሱን ከመቀየር ፊውዙን አውጥቶ ሽቦ አሰረ። እስከዚያ ቀን ያልነደደችውም የሞተው ባትሪ የማንደድ አቅም ስላልነበረው ነው። አንዱ ዓይብ ሌላውን ሸፍኖት ነበር።

በዚያው ቀን ወደ ሻጩ ሄድኩ። ስሙን አላነሳም፣ ጊባ ነው፤ ግን ጁሙዓ ላይ አብረን የምንሰግድ ወንድም ነው። ሽቦውን ሳሳየው «ያኔ ፊውዝ ስላላገኘን ነው» አለ። እንግዲህ ያውቅ ነበር። ቀጥሎም ያችን ቃል አመጣት፤ «አይተህ ነው የገዛኸው»።

ሸሪዓችን ለዚህ መልስ አለው። የሙስሊም ሐዲስ ዘገባ ላይ እንደመጣው፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ የእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን አስገብተው ከስሩ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ወደ ላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብር ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ዝናቡ የሰውየው ጥፋት አልነበረም። የተጠየቀው ከላይ ስላለው ደረቅ እህል ነው።

የፊቅህ ኪታቦቻችንም ይህንን «ኺያሩል ዓይብ» ይሉታል። ዓይቡ ከሽያጩ በፊት የነበረ፣ ዋጋውን የሚቀንስና ገዢው ያላወቀው ከሆነ ገዢው የመመለስ መብት አለው። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ዓይቡን ካወቀ በኋላ መጠቀሙን ትቶ ሳይዘገይ መመለስ አለበት። በዚሁ መዝሀብ ሻጩ «ከዓይብ ሁሉ ነጻ ነኝ» ብሎ ቢሸጥ እንኳን፣ አውቆ የደበቀው ዓይብ በዚህ ቃል አይነጻም። «አይተህ ነው የገዛኸው» የሚሠራው ለሚታየው ነገር ነው። በፕላስተር የተጠቀለለን ነገር ማን ያያል?

ሰውየው ገንዘቡን አልመለሰም። ጉዳዩን ለአላህ ትቼ ወጣሁ። ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ዘመዴ፣ ለእኔ አዝኖ፣ «መቀመጫውን ቀይርና ቀለም ቀብተህ አንተም ሽጣት፤ አንተ ላይ የደረሰው ነው» አለኝ። ብዙዎቻችን የምንያዘው እዚህ ጋ ነው። ተበድለናልና መበደል መብታችን ይመስለናል። ግን የሚቀጥለው ሰው ሽሮ ላያስቀምጥ ይችላል። ልጁን ነው የሚያስቀምጠው። የእኔ ኪሳራ ደግሞ በዚያ ልጅ ላይ ዕዳ አይሆንም።

«ዓይቡን ከተናገርኩ ማን ይገዛኛል?» የሚል አይጠፋም። የእኔን ልንገራችሁ። ማርሹ ጥርሱ ተሰብሯል፣ መቀመጫው ቀልጧል፣ ሽቦው ተቃጥሏል ብዬ ሁሉንም ዘረዘርኩ። የገዛኝ ያው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እርሱ የፈለገው የልጅ መጫወቻ አይደለም፤ ደህናውን ሞተርና ጎማዎቹን ነው። ዋጋው ከገዛሁበት በጣም ያንሳል፤ ነገር ግን እርሱ የሚፈልገውን አገኘ፣ እኔም በሰላም ተኛሁ። እውነት ዕቃውን ገበያ አላሳጣውም፤ ለሚጠቅመው ሰው አደረሰው። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ዓይቡን ከገለጹ በሽያጫቸው በረካ እንደሚደረግላቸው፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ መጥቷል።

ወንድሜ፣ እህቴ፤ በቴሌግራም ስልክ የምትሸጡ፣ ስክሪኑ የተቀየረ ከሆነ ከፎቶው ስር ጻፉት። ባትሪው ካበጠ ተናገሩ። የምትገዙም ለልጅ የሚሆን በባትሪ የሚሄድ ነገር ስትገዙ መቀመጫውን አስከፍቱ፤ ፊውዙን በዓይናችሁ እዩ፤ ጎማውን በእጅ አዙሩ፤ ባትሪው ከቻርጀር ተነቅሎ ካረፈ በኋላ አስለኩ። ከልጃችሁ በፊትም የልጃችሁን ያህል ክብደት ያለው ነገር አስቀምጡ።

አላህ በሐላሉ የሚያብቃቃን፣ ወንድማችን የማያየውን ዓይብ የምናሳየው ያድርገን። ያን ወንድማችንንም እኛንም ይምራን። ኣሚን።