የፎገራ ቤትና የክረምት ውኃ

አባቶቻችን በፎገራ ሜዳ ቤት ከመሥራታቸው በፊት የውኃውን መንገድ ይመረምሩ ነበር። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳውን እንደሚያጥለቀልቁት ያውቃሉና፥ ጉብታውን ለቤት፥ ረባዳውን ለግጦሽ አደረጉት። ጣሪያውን በሣር ከደኑ፤ ግድግዳውን ጭድ በገባበት ጭቃ መረጉ። ጥቁሩ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰነጠቅ ግድግዳውም ይሰነጠቃል፤ እናቶቻችንም በጭቃና በእበት መልሰው ይለቀልቁታል።

እኛ ግን ለወረታ መንገድ እንዲቀርብ ብለን የቆርቆሮ ቤታችንን በረባዳው ላይ ሠራን። አንድ ሽማግሌ፥ «ልጆቼ፥ እዚህ ውኃ ያድርበታል» ቢሉን አልሰማናቸውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ መጥቶ የጭቃውን ግድግዳ አሟሟው። ልጆቻችንን ታቅፈን ያደርነው በጉብታው ላይ፥ በአባታችን አሮጌ ቤት ነው።

የሣሩ መስክ በአብዛኛው በሩዝ ስለ ተያዘ ቆርቆሮን አንነቅፍም። ዳሩ ግን ቤት የሚሠራ ሁሉ ከአናጢው አስቀድሞ የአገሩን ሽማግሌ ይጠይቅ።