የአጎቴ መጋዝ

በመኝታ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ፣ እስክሪብቶ የምሰካበት አንድ የተቧጨረ ፒስተን አለ። «ይኼ ነገር ከየት መጣ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙዎች ናችሁ። ለአንዱ ከጋራዥ ያገኘሁት ነው አልኩ፤ ለሌላው ጌጥ ነው ብዬ አለፍኩ። እውነቱ ግን የአጎቴ የሞተር መጋዝ ፒስተን ነው። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።

አጎቴ ደብረ ብርሃን አጠገብ ባሕር ዛፍ እየቆረጡ፣ ግንዱንም እየሰነጠቁ ወራጅና ጣውላ በማውጣት የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። መጋዛቸው ሽቲል 070 የሚባለው ነው፤ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ትውልዱ እ.ኤ.አ. በ1959 ከወጣው ኮንትራ ከሚባለው ሞዴል ይመዘዛል፤ ይኸውም ሰንሰለቱን ያለ ማርሽ በቀጥታ ከሚያዞረው። ሲሊንደሩ 58 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ፒስተኑ 40 ሚሊሜትር ይመላለሳል። ስታሰሉት 106 ሲሲ ገደማ ይመጣል። ጉልበቱ 6.5 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው።

ጥፋቴ የጀመረው ከዚሁ ቁጥር ነው። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ስለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳነብ ቫልተር ካዴን ከሚባል የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ጋር ተዋወቅሁ። ሰውዬው ኤም ዜድ ለተባለው የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከሲሊንደሩ የሚወጣው የጭስ ግፊት በማርሚታው ውስጥ ሄዶ፣ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ፣ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ውስጥ እንዲገፋ አደረገ። በ1961 የ125 ሲሲ ሞተሩ 25 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። በዚያው ዓመት ጋላቢው ኤርንስት ዴግነር ስዊድን ለውድድር በሄደበት ኮብልሎ፣ ዕውቀቱን ይዞ የጃፓኑ ሱዙኪ ዘንድ ገባ። (ይህ ራሱን የቻለ ልብ ወለድ ይወጣዋል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።) እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሒሳቡ ነበር። የካዴን 125 ሲሲ 25 ከሰጠ፣ የአጎቴ 106 ሲሲ ስለምን 6.5 ብቻ? የቀረው የት ገባ? ፋብሪካው ደብቆት እኔ የማወጣው መሰለኝ።

የካቲት ላይ ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ወደ አገር ቤት ወረድኩ። አጎቴ ለተዝካር ሦስት ቀን ወደ ዘመድ ሊሄዱ ነበር። «መጋዙን ልጥረግልዎት» አልኳቸው። ልጥረግ ነው ያልኩት፤ ልሞርድ አላልኩም። በሻንጣዬ ውስጥ ግን ሦስት ዓይነት ሞረድ ነበረ።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ቫልቭ የለውም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች የሚከፍተውና የሚዘጋው ፒስተኑ ራሱ ነው፣ ሲወርድና ሲወጣ። የጭሱ ቀዳዳ ጣሪያ ከፍ ቢል ጭሱ ቀድሞ መውጣት ይጀምራል፤ ሞተሩም በከፍተኛ ዙር በደንብ ይተነፍሳል። እኔም ሁለት ሚሊሜትር ከፍ አደረግሁት። ወደ ጎን ብዙ አላሰፋሁትም፤ ቀዳዳው ከሲሊንደሩ ስፋት ሁለት ሦስተኛ ካለፈ ፋሻው ወደዚያ እየወጣ ይሰበራል የሚለውን አንብቤ ነበርና። ጠርዙን በጥንቃቄ አለሰለስኩ። ማርሚታውንም ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩለት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ዛሬም ቢሆን በሞረዱ ሥራ አላፍርም።

የማፍረው በካርቡሬተሩ ነው። የአጎቴ መጋዝ እንጨት ሳይነካ ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ያጉረመርማል፣ ይንተባተባል፤ ግንድ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠራል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ይህንን ነው፤ እንደ በሽታም ነበር የምቆጥረው። ካቻቪቴ ይዤ የቤንዚኑን ቪቴ ዘጋ፣ ዘጋ አደረግሁት። ጩኸቱ እንደ መለከት ጠራ። እንዴት ደስ አለኝ!

አጎቴ ተመልሰው ሲያስነሡት ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ድምፁ ቀጠነ። ምን አደረግኸው?»

«ጠረግሁት፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ» አሉና ተሸክመውት ሄዱ።

ቀጫጭኑን እንጨት እንደ ቅቤ ቆረጠው፤ እኔም ተኩራራሁ። ወደ ትልቁ ግንድ ሲገቡ ግን፣ ጫን ባሉት ቁጥር ዙሩ ይወድቃል፣ ሰንሰለቱ ይቆማል። «ይጮኻል እንጂ አይገፋም» አሉ። የሒሳቤ መልስ ይኸው ነበር። ጉልበት ማለት ግፊት ሲባዛ በዙር ነው። የካዴን ሞተር 25ቱን የሚሰጠው በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ሲሆን ነው፤ እዚያ ላይ የሚያቆየውም ማርሽ አለው። የአጎቴ መጋዝ ማርሽ የለውም፤ ሥራው 7,000 ገደማና ከዚያ በታች ነው። ጣሪያውን ከፍ በማድረጌ ፒስተኑ የሚገፋበትን መንገድ አሳጠርኩት። ማንም የደበቀው ነገር የለም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ጩኸቱን ጨምሮ፣ ጨምሮ፣ ቀጥ አለ። አጎቴ ገመዱን ሳቡት፤ አልመጣም። በዚህ ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። መተንፈሻውን ካሰፋሁ በኋላ ቪቴውን መክፈት ሲገባኝ ዘግቼዋለሁና፣ ቤንዚኑም ዘይቱም አንሶት ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩን ነከሰው። ያ መጉረምረም በሽታ አልነበረም፤ ቤንዚኑ በቂ እንደሆነ የሚነግር ድምፅ ነበር። አጎቴ ይህን ለሃያ ዓመት በጆሯቸው ሲያውቁት ኖረዋል።

መጋዙን መሬት አስቀምጠው ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ክረምት ሳይገባ ቤቱን ለማቆም ቀብድ የከፈለ ሰው ወራጁን ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዙ ዝም አሉ።

«መሞረድህን አልጠላሁትም» አሉ በመጨረሻ። «ጠረግሁት ማለትህን ነው የጠላሁት።»

ዐሥራ አንድ ቀን ከአንድ ቀን ሠራተኛ ጋር በመጥረቢያና በሁለት ሰው መጋዝ ሠሩ። ለቀን ሠራተኛው የከፈሉት ከዚያው ከቀብዱ ነው። እኔ የመንፈቁን የኪስ ገንዘቤን ይዤ መርካቶ ወረድኩ፤ ፒስተኑን ከነፋሻው ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈውን አሉሚኒየም ቀስ ብዬ ፍቄ አነሣሁት፤ ደግነቱ ከሥሩ ብዙ አልተጎዳም። የሞረድኩት ብረት ግን አይመለስም። መላ የፈጠሩት እሳቸው ናቸው፤ «ጥርሱን ቀንስለት» አሉኝ። ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ባለ ስምንት ጥርስ በባለ ሰባት ለወጥኩት። ሰንሰለቱ ዘገየ፤ ግፊቱ ግን በመጠኑ ተመለሰ። እንደ ድሮው ነው አልላችሁም።

ወደዚህ ልመለስ በዋዜማው አስነሣነው። እኔ ካቻቪቴ ይዤ ተንበረከክሁ፤ እሳቸው ጆሯቸውን ሰጡ።

«ክፈትለት።»

ሩብ ዙር ከፈትኩ።

«ገና ነው።»

ጥቂት ጨመርኩ። ማጉረምረም ጀመረ።

«እዚያ ላይ ተወው» አሉና ከእጄ ተቀብለው ወደ ግንዱ ሄዱ።